የሁለት ሰው ምንሽር

ባለፈው ሳምንት የቀሚስ ዚፕ ላስቀይር ልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ልብስ ሰፊ ጎራ አልኩ። ሰፊው መኪናውን ፈታትቶ፣ ብረቶቹን በነጭ ጋዝ ካጠበ በኋላ በዘይት እየወለወለ ነበር። «እህቴ፣ ትንሽ ታገሺኝ» አለኝ ቀና ሳይል። ባይለኝም የትም አልሄድም ነበር፤ ሽታው በሩ ላይ አስቁሞኛል። ቀና ሲል ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አየ። ሽታው የጎዳኝ መስሎት ጣሳውን ሊከድን እጁን ሲሰድ «ተወው፣ አትክደነው» አልኩት። ምን ዓይነቷ ሴት ናት ሳይለኝ አልቀረም።

ነጭ ጋዝና የስፌት መኪና ዘይት ሲቀላቀሉ ለእኔ የሚያዝያ ሽታ ነው፤ አያቴ ጠመንጃ የሚወለውሉበት ወር። ከሱቁ ስወጣ የድሮ ግቢያችን የቱ ጋ እንደነበር ለመገመት ሞከርኩ። ፎቆቹ ከተሠሩ ወዲህ አቅጣጫ ይጠፋብኛል፤ ሁልጊዜ የማርያምን ጉልላት ፈልጌ ነው ራሴን የማስተካክለው። ጉልላቱ በስተቀኝ ከሆነ የእኛ በር እዚያ፣ አሁን መኪና የሚታጠብበት ግድም መሆን አለበት። ያ ጠመንጃ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ በር ነበር።

ጠመንጃው የሁለት ሰው ነው። አንደኛው ባለቤት አባባ ናቸው፣ የእናቴ አባት፣ አቶ ጉታ። ሁለተኛው ሰንጋ ተራ ትንሽ ሱቅ የነበራቸው ጓደኛቸው አባባ ከድር። ምንሽሩ አንድ ዓመት እኛ ቤት፣ አንድ ዓመት እሳቸው ቤት ይከርማል። ቤቱ የከረመበት ሰው በአርበኞች በዓል፣ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀን፣ አንግቶት ይሰለፋል፤ ሌላው ከዘራ ይዞ በስተግራው ይሄዳል። በማግስቱ ጠመንጃው በጋቢ ተጠቅልሎ ወደ ተረኛው ቤት ይሻገራል። ልክ እንደ ማኅበር ጽዋ።

አቀባበሉም የጽዋ ያህል ነበር። አባባ ከድር ሲያመጡ ቴምር ይዘው ይመጣሉ፤ የእኛ ተራ ሲሆን ድፎ ዳቦ ይዘን እንሄዳለን። እኛ ቤት ከሆነ ለእሳቸው ሲባል ጠላ አይቀርብም፤ እናቴ ብርዝ ታዘጋጃለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጠመንጃውን አንዱ በአፈሙዙ፣ አንዱ በሰደፉ በኩል ይዘው ፊት ለፊት ይቆማሉ። የሚሰጠው «አደራ» ይላል፤ የሚቀበለው «ተቀብያለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ አንዳቸውም አይለቁም። ይተያያሉ። እኔ ያቺን ጊዜ አልወዳትም ነበር፤ ብርዙ የሚቀዳው ከለቀቁ በኋላ ነዋ።

የማወራው ሦስተኛ ክፍል ስለነበርኩበት ዓመት ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ያን ዓመት ምንሽሩ የከረመው እኛ ጋ፣ አባባ አልጋ ሥር ነው። እናቴ «ዘንድሮ እኛ ጋ ነው የሚከርመው» ስትል ስለሰማሁ ከገጠር እንደሚመጣ ዘመድ እቆጥረው ነበር። ማታ ከመተኛቴ በፊት አልጋው ሥር ጎንበስ ብዬ ደህና እደር እለዋለሁ። ያልገባኝ ነገር ለምን ምግብ እንደማይበላ ነው። አንድ ቀን አባባ በአፈሙዙ ዘይት ጠብ ሲያደርጉለት አየሁና ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ለካ የሚበላው በዓመት አንዴ፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ለእናቴ ስነግራት ሳቀች እንጂ አላረመችኝም።

ዘይቱ የእሷ ነበር። እናቴ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ቀን ታይፕ ትመታለች፣ ከሥራ ስትመለስ የጎረቤት ልብስ ትሰፋለች። አባባ የስፌት መኪናዋን ዘይት ሲጨርሱባት «አባዬ፣ ይኼ ጠመንጃ ከእኔ ጋር ምን ጠብ አለው?» ትላቸዋለች። አባባ ጨርቁን በቀጭን ዘንግ ላይ ጠቅልለው ወደ አፈሙዙ እየሰደዱ፣ እያወጡ፣ ጥቁረቱን እያዩ ይቀጥላሉ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጨርቅ አቀብላለሁ፣ ሽታውን እምጋለሁ። ትምህርት ቤት እጄን እያሸተትኩ እውላለሁ፤ የዚያ ቀን ደስታዬ እሱ ነበር።

ለምን የሁለት ሰው እንደሆነ የሚያወሩት እግራቸውን ሲቆረጥማቸው ነው። በጣሊያን ጊዜ ወሊሶ አካባቢ ሁለቱም ጢም ያላወጡ ልጆች ሆነው ዱር ገቡ። ሰዉ ብዙ፣ ጠመንጃው ጥቂት። ለሁለት አንድ ነው የሚደርሰው፤ አንዱ ሲተኩስ ሌላው ጥይት እያቀበለ ተራውን ይጠብቃል። አንድ ቀን ሲሸሹ ወንዝ ዳር አባባ እግራቸውን ተመቱ፣ ምንሽሩም ከእጃቸው ወደቀ። አባባ ከድር አዝለው አሻገሯቸው። ከዚያ ተኩሱ ሳይበርድ ለጠመንጃው ሲሉ ወንዙን ተመልሰው ገቡ። አባባ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ «ለኔ አንዴ፣ ለሱ አንዴ» ብለው እግራቸውን ያሻሻሉ።

ሌላ ጀብዱ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱም ፉከራ አይችሉም ነበር። በዓሉ ላይ ሌሎቹ ዘራፍ ሲሉ እነሱ ጎን ለጎን ቆመው እንደ ለቅሶ ቤት ሰው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ያሳፍረኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። የጎረቤታችን ልጅ አያት ሲፎክሩ ኮፍያቸው እስኪወድቅ ድረስ ነው የሚዘሉት።

በዓሉ ያኔ እንደ ዛሬ አልነበረም። ጠዋት ሰፈሩ በር ላይ ወጥቶ ይሸኘናል። አባባ ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ ጎፈራቸውን ደፍተው ሲወጡ ወያላው «አባት ጋቢና!» ብሎ ከሹፌሩ ጎን ያስቀምጣቸዋል። አጠገባቸው ያለውን ቦታ አባባ በከዘራም በጠመንጃም ይዘው፣ ሰንጋ ተራ ላይ አባባ ከድር እስኪሳፈሩ ድረስ ለመጣው ሁሉ «ሰው አለበት» ይላሉ። እኔና እናቴ ከኋላ ተጣበን እንሄዳለን። አራት ኪሎ ስንደርስ ሽማግሌ በሽማግሌ ነው። አንዱ ውጅግራ፣ አንዱ አልቤን፣ አንዱ ዲሞትፈር። እኛ የሰፈር ልጆች መኪናን በስሙ እንደምንለየው ጠመንጃንም በስሙ እንለይ ነበር።

ዋናው ነገር መጠጋት መቻሉ ነው። ማንም ሰው ተነስቶ «አባቴ፣ ይኼ የምን አገር ሥሪት ነው?» ማለት ይችላል። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ያስይዙታል፣ ክብደቱን ያስገምቱታል፣ ሰደፉ ላይ ያለውን ጭረት በጣት ያስነኩታል። ጭረቱ ሁሉ ታሪክ አለው፤ ግማሹ የተጨመረበት ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ማን ግድ አለው። ሁሉም ጠመንጃ የራሱ ሽታ ነበረው። ቅቤ የሚሸት አለ፣ ጭስ የሚሸት አለ፣ የእኛ የስፌት መኪና ይሸታል። እኔ ያ ሁሉ ሰው የሚመጣው የእኛን ለማየት ይመስለኝ ነበር፤ አባባን ከብበው ሲጠይቁ ሰልፍ አስይዛቸው ነበር ማለት ይቻላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። መግቢያው ላይ ተፈተሽን፤ የልጄ የውሃ ኮዳ ሳይቀር ተከፈተ። አልቀየምም፣ ጊዜው ነው። የቀሩት ሽማግሌዎች ጥቂት ናቸው፣ ድንኳን ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በእነሱና በእኛ መሃል ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲህ ወጣቶች የተከራዩትን ጎፈር ደፍተው፣ ከእንጨት የተጠረበና ቀለም የተቀባ ጠመንጃ ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። አንድ ጨዋ ልጅ ለልጄ አስያዛትና በስልኬ አነሳኋት። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ቀለም ቀለም ይላል። ሰዉ ስልኩን ከፍ አድርጎ በስልኩ ውስጥ ያያል፣ ማንም ማንንም ምንም አይጠይቅም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሚጠይቃቸው ሰው የሚጠብቁ መሰለኝ፤ መሄድ ፈልጌ ገመዱ ያዘኝ። ቤት ስገባ ለምን እንደከፋኝ ልጄ አልገባትም። መጠጋቱ ነው የናፈቀኝ። አሁንም ይናፍቀኛል።

ወደዚያ ዓመት ልመለስ። የገና በዓል ካለፈ በኋላ ይመስለኛል፣ በየቤቱ ያለ መሣሪያ ሁሉ ይመዝገብ ተባለ። አባባ ኮታቸውን ለብሰው፣ ምንሽሩን በጋቢ ጠቅልለው፣ እኔን አስከትለው ወጡ። አባባ ከድርን ከሱቃቸው ጠራናቸውና ወደሚመዘገብበት ጽሕፈት ቤት ሄድን። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወጣት ሰው ነው፣ ከመቀመጫው ተነስቶ ነው የተቀበላቸው። የማን እንደሆነ ጠየቀ። ሁለቱም በአንድ አፍ «የሱ ነው» አሉ፣ አንዱ ወደ ሌላው እያመለከተ።

ሰውየው ፈገግ አለ። እነሱ አልሳቁም። ዓመት እዚህ፣ ዓመት እዚያ እያሉ አስረዱት። በትዕግሥት አዳምጦ ሲያበቃ አንድ መሣሪያ በአንድ ሰው ስም ብቻ እንደሚመዘገብ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ቤት ማደር እንደማይችል፣ በበዓል ቀንም ይዞት መውጣት የሚችለው ፈቃዱ ላይ ስሙ ያለው ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። እስከ ፋሲካ ተነጋግረው እንዲመጡ፣ ካልመጡ ግን መንግሥት እንደሚረከበው ጨመረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ደንቡ ለአንድ ሰው የሚሆን መስመር ብቻ ነው ያለው።

ጠቡ የተጀመረው ከበሩ ሳንወጣ ነው። ሰው የእኔ ነው ብሎ ሲጣላ ያየ አለ፤ እነዚህ የተጣሉት የሱ ነው ተባብለው ነው። አባባ፣ ወንዙን ተመልሶ የተሻገረለት ከድር ነው፣ ስለዚህ በከድር ስም ይጻፋል አሉ። አባባ ከድር፣ ጉታ እግሩን የከፈለበት ጠመንጃ በእኔ ስም አይጻፍም አሉ። መንገድ ላይ ሰው ቆሞ እስኪያያቸው ድረስ ተጯጯሁ። በመጨረሻ አባባ «ልደታን! በስሜ አላስጽፈውም» ብለው ማሉ። አባባ ከድርም «ወላሂ! በስሜ አላስጽፈውም» አሉ። ከዚያ በኋላ መመለሻ ጠፋ። ማርያም በአንድ በኩል፣ አላህ በሌላ በኩል ተጠርተዋል፤ ማን ደፍሮ መሐላውን ያፈርሳል?

እሁድ እሁድ ይመጡ የነበሩት አባባ ከድር መምጣት አቆሙ። አባባ እሁድ ሲሆን ግን በር ላይ ወንበር ያወጣሉ። ማንንም እንደማይጠብቅ ሰው ጸሐይ ለመሞቅ ነው ይላሉ፤ ደመና ሲሆንም ያወጣሉ። እኔ ጠመንጃው ጠቡን ሰምቷል ብዬ ተጨነቅኩ። ዘመድ እኮ ነው፤ ሁለቱም አንፈልግህም እንዳሉት ነበር የገባኝ። እንዳይከፋው ብዬ ሁለተኛ ጋቢ ደረብኩለት፣ ማታ ማታ ደህና እደር ስለውም ድምፄን አለሰልስለት ጀመር።

እናቴ ፍርድ ቤት እንደምትውል ሰው አንዱን ስም መርጣችሁ ገላግሉን፣ ወረቀት ላይ የአንዱ ይሁን፣ ልባችሁ ውስጥ የሁለታችሁ አለች። አባባ በዚያ አልተስማሙም። ወረቀት ላይ የተጻፈው ሰው ሲሞት ልጆቹ ይወርሱታል፣ ያኔ ልብ ውስጥ ያለውን ማን ያነባል አሉ። እናቴ እድሩ ውስጥ ያሉ ሁለት ሽማግሌዎች ለምና አመጣች። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው እንደ ወጉ በዳይ ማን ነው፣ ተበዳይ ማን ነው ብለው ጀመሩ። አባባ በዳዩ ከድር ነው፣ የራሱን ንብረት አልቀበልም ብሎኛል አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ወደ ሰንጋ ተራ ሄደው አባባ ከድርን ቢጠይቁ መልሱ ቃል በቃል ያው ሆነባቸው። ተመልሰው መጥተው ለእናቴ፣ ልጄ ይኼ ከእኛ አቅም በላይ ነው፣ እኛ የምናስታርቀው የእኔ ነው የሚለውን እንጂ የሱ ነው የሚለውን አይደለም ብለው ሄዱ።

ፋሲካው እየቀረበ መጣ። አባባ ዘይትም ጨርቅም አላነሱም። እኔ ያ ሽታ ቤታችን ሳይገባ ሚያዝያ ሊያልፍ ነው ብዬ ፈራሁ። አባባ ምንሽሩን ካጡ በዓል እንደማይሄዱ አውቄያለሁ፤ አባባ ከድር የሌሉበት በዓልም ለእሳቸው በዓል አይደለም። አጎንብሰው ይበላሉ፣ አጎንብሰው ይወጣሉ። እናቴ አንድ ቀን ማድ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስታለቅስ አገኘኋት፤ ሽንኩርቱ ነው አለችኝ፤ ሽንኩርት ግን አልነበረም።

በሕማማት ሳምንት፣ አባባ ከቤተ ክርስቲያን ስግደት ተመልሰው ባረፉበት ሰዓት፣ አባባ ከድር በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው። ከስተዋል። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ከክረምት ጀምሮ ሲያስላቸው እንደነበር እናውቃለን፣ ይህን ያህል ግን አልጠበቅንም። በሕማማት መሳሳም የለም፤ አባባ ከድር ይህን ከእኛ እኩል ያውቃሉ። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ ሁለቱ ሳይነካኩ፣ ራሳቸውን ዝቅ ብቻ አድርገው፣ አንዱ መደብ ላይ አንዱ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ጉታ» አሉ አባባ ከድር፣ «ባንተ ስም አስጽፈው። መሐላህን ንስሐ አባትህ ይፈቱልሃል፣ በሱ አታስብ።»

አባባ ሊናገሩ ሲሉ በእጃቸው አስቆሟቸው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እንግዲያው ወረቀቱ የሚቆየውን ሰው ይያዝ።»

አባባ ስለ ጠመንጃው ምንም ሳያነሱ ሐኪሙ ምን እንዳላቸው ጠየቁ። አባባ ከድር መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ እናቴ አዩና፣ ሐኪም ብዙ ያወራል አሉ። እናቴ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምንሽሩ የእኛ ሆነ። ከእንግዲህ ወዲያ ሰንጋ ተራ አይሄድም፣ ሁልጊዜ አልጋው ሥር ነው። በደስታ ዘለልኩ። አባባ አልተቆጡኝም። «ብርቄ፣ ምን ያስፈነጥዝሻል?» አሉኝ ብቻ፣ ድምፃቸው እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ።

አባባ ስለ መሐላቸው ንስሐ አባታቸውን ጠየቁ። የተሰጣቸው ስግደት በዚያ እግራቸው ከባድ ነበር፤ ሰገዱት። ከፋሲካ በፊት ጠመንጃው በአቶ ጉታ ስም ተመዘገበ። በዚያው ቀን ዘይቱና ነጭ ጋዙ ወጣ። ቤቱ ሸተተ። እናቴ ያን ዕለት ስለ ዘይቷ አልተናገረችም።

የበዓሉ ዕለት አባባ ከድር አይመጡም ብለን ነበር። ምራታቸው እንዳይወጡ ከልክላቸዋለች ተብሏል። ታክሲው ሰንጋ ተራ ሲደርስ ግን መንገዱ ዳር ቆመዋል፣ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው። አባባ ቦታውን ሰው አለበት እያሉ አቆይተውላቸዋል። አራት ኪሎ መግቢያው ላይ አዲስ ነገር ጠበቀን፤ አንድ ወጣት ፖሊስ ፈቃድ ያያል። ከዚያ በፊት ማንም ምንም ጠይቆ አያውቅም። የአባባን ወረቀት አነበበ፣ ጠመንጃውን አየ፣ እንዲያልፉ እጁን ዘረጋ። ሽማግሌዎች ወረቀታቸውን ከደረት ኪሳቸው እየፈለጉ ሲሰለፉ ሳይ ትምህርት ቤት በር ላይ መታወቂያ የረሳን ልጆች መሰሉኝ።

እኔና እናቴ ከአደባባዩ ዳር አንድ የአጥር ግንብ ላይ ቆምን። ሰልፉ ሊንቀሳቀስ ሲል አባባ ቆሙ። ጠመንጃውን ከትከሻቸው አወረዱና አባባ ከድር ትከሻ ላይ አነገቱት። አባባ ከድር ሊያወርዱት ታገሉ፤ ተራው የጉታ ነው፣ ተራ አይዘለልም እያሉ እንደሆነ ከእጃቸው ያስታውቃል። አባባ ማንገቻውን አስተካክለውላቸው ከዘራውን ከእጃቸው ወሰዱ። ከዚያ በስተግራ ዞረው ቆሙ።

ፖሊሱ እየሮጠ መጣ። እኛ ከቆምንበት ቅርብ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። «አባቴ፣ ፈቃዱ በእርስዎ ስም ነው። ለሌላ ሰው ማስያዝ አይፈቀድም» አለ፣ በአክብሮት።

አባባ ዘወር ብለው ዙሪያቸውን አዩ፣ የሆነ ሰው እንደሚፈልጉ።

«ሌላ ሰው የት አለ?» አሉት።

ወጣቱ ሁለቱን አፈራርቆ አያቸው። አንዱ እያነከሰ፣ አንዱ እየሳለ፣ በአንድ ጠመንጃ ሥር። ወደ አለቃው ዘወር አለ፤ አለቃው ሩቅ ነበር። ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲያው እርስዎም ይያዙት፣ አይልቀቁት» አላቸው። አባባ ሰደፉን በቀኝ እጃቸው ያዙ። አባባ ከድር ማንገቻውን ያዙ። እንዲህ ሆነው ሄዱ። ከሰዉ መሃል አንዱ፣ ለሁለት የሚሸከሙት መድፍ ነው እንዴ ብሎ ሲቀልድ ሰዉ ሳቀ፣ ከዚያ አጨበጨበ። ሁለቱ መሬት መሬት እያዩ አለፉ። ያን ዕለት አላሳፈሩኝም። ከግንቡ ላይ ሆኜ የአያቴን ስም ጮኼ ጠራሁ፣ ቀጥዬም የአባባ ከድርን።

በማግስቱ አባባ ጋቢውን አጥፈው በብብታቸው ያዙ፣ እኔ ድፎውን ያዝኩ፣ ወደ ሰንጋ ተራ ሄድን። ምንሽሩ አልጋው ሥር ቀርቷል። መንገድ ላይ «አባባ፣ ረሱት እኮ» ብላቸው እርምጃቸውን ቀጠሉ። አባባ ከድር ተኝተው ነበር፤ ምራታቸው በትራስ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። አባባ ባዶውን ጋቢ ዘረጉላቸው። አንዱ በአንድ ጫፍ፣ አንዱ በሌላ ጫፍ ያዙት። «አደራ» አሉ አባባ። «ተቀብያለሁ» አሉ አባባ ከድር። እኔ አሁንም ጠመንጃውን እንደረሱት ስነግራቸው አባባ ከድር ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እስኪያልፍ ጠበቅን። እስኪያልፍም አንዳቸው ጋቢውን አልለቀቁም።

አባባ ከድር በሐምሌ አረፉ። ዝናብ ነበር። አባባ ከቀብር ሲመለሱ ጭቃ የያዘ ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋቸው ላይ ተቀመጡ፤ እናቴ አውልቃ አጠበችላቸው።

በቀጣዩ ሚያዝያ ዘይቱና ነጭ ጋዙ እንደገና ወጣ። አባባ ምንሽሩን ከቀድሞው በበለጠ ወለወሉት፤ እኔም ጨርቅ አቀበልኩ። የበዓሉ ጠዋት ግን ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው ሲያበቁ ጠመንጃውን ወደ አልጋው ሥር መልሰው ከዘራ አነሱ። እናቴ ፈቃዱ ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ፣ ይዘውት መውጣት እንደሚችሉ አስታወሰቻቸው። አባባ ያንን ያውቁ ነበር። «ተራው የከድር ነው» አሏት።

ታክሲ ውስጥ ጋቢና ተቀመጡ። ሰንጋ ተራ ላይ ማንም አልተሳፈረም። አራት ኪሎ ሰልፉ ሲደራጅ በስተግራ ቆሙና በስተቀኛቸው አንድ ሰው የሚቆምበትን ቦታ ክፍት ተዉ። ሰልፍ የሚያስተካክለው ሰው መጥቶ አባቴ ይጠጉ፣ ክፍተት አይተዉ ሲላቸው አባባ ከዘራቸውን ወደዚያ ቦታ ዘርግተው እንደ ታክሲው ጊዜ መለሱለት።

«ሰው አለበት» አሉት።